የእኩል የተያዘ ፋብሪካ

ማክሰኞ

አረርቲ ተቀምጣችሁ ይህን ለምታነቡ መጀመሪያ የምነግራችሁ ስለ ብርዱ ነው። እናቴ ከቤት ስወጣ ጋቢዋን አጣጥፋ ሰጠችኝ፤ እኔ ግን "ሽማግሌ አታስመስይኝ" ብዬ መለስኩላት። ከዚያ በኋላ በየማለዳው ያን ጋቢ እያሰብኩ ተንቀጠቀጥኩ። የኛ አገር ሰው ብርድን የሚያውቀው በወሬ ነው። ደብረ ብርሃን ግን ብርዱ እንደ ዘመድ ቤት ገብቶ አብሯችሁ ይቀመጣል።

የሄድኩት የእናቴ ታናሽ ወንድም ጋሽ ደምሴ ስለጠራኝ ነው። ጋሽ ደምሴ ደብረ ብርሃን የሚኖር ሱፍ ነጋዴ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከአንድ የውጭ አገር ሰው ጋር ተሻርኮ የሱፍ ክርና የብርድ ልብስ ፋብሪካ ከፈተ። ከዚያ ወዲህ በኛ ሰፈር ስሙ "ባለፋብሪካው" ነው። እናቴም ገበያ ላይ ዋጋ ስትከራከር "የባለፋብሪካ እህት ነኝ" ማለት ለምዳለች። ባለፈው ሰሞን ስልክ ሲደውል ግን ድምፁ ቀጥኖ ነበር።

"ከፋብሪካዬ ሊያስወጡኝ ነው" አለኝ። "አርብ ዕለት ሽማግሌ ይዤ እገባለሁ። ስንዋዋል የነበሩት አያ ሸዋንግዛው አንኮበር አጠገብ ጎረቤላ ናቸው። እሳቸውን ሄዶ የሚያመጣልኝ እግሩ የቀለለ ሰው እፈልጋለሁ።"

"ራስህ አትሄድም?"

"ባለጉዳይ ራሱ ሄዶ ሽማግሌ ካመጣ በጉቦ ቀለበው ይባላል። ሽማግሌ ደግሞ በስልክ አይጠራም።"

እግሬ እንደሆነ ቀላል ነው። ሥራ የሌለው ሰው እግር ሁልጊዜ ቀላል ነው።

ከመናኸሪያ ስንነሳ ፀሐይዋ ጠንክራለች። ሚኒባሱ ወደ ባልጪ ዳገቱን ሲይዝ ከተማችንን ቁልቁል አየኋት፤ የጤፉ ቃርሚያ፣ የሽምብራው ማሳ፣ ከዳር የታጠሩት ሰፋፊ ቦታዎችና የቆርቆሮ ሼዶች። የኛም ሰው "ፋብሪካ ሲመጣ" እያለ ልጁን ይድራል፣ ቤቱን ያድሳል። ስለዚህ ይህን የምጽፈው ለወሬ ብቻ እንዳይመስላችሁ።

ደጋው ላይ ከወጣን በኋላ ፍተሻ አስቆመን። ሁላችንም ወርደን ተሰለፍን። ሽምብራ ጭና የመጣች አንዲት ሴት ፈታሹ ጆንያዋን ፍቺ ሲላት "ግድ የለህም ልጄ፣ አንድ አንዱን ፈትሸው፤ የነቀዘ ካገኘህ ለይልኝ" አለችው። ፈታሹም ሳቀ፣ እኛም ሳቅን። ሳቁ ግን ጊዜ አልመለሰልንም። ደብረ ብርሃን የገባነው መሽቶ፣ ባጃጅ መንቀሳቀስ ካቆመ በኋላ ነው። የአጎቴ ቤት በእግር የሚደፈር ስላልነበረ መናኸሪያው አጠገብ አልጋ ያዝኩ።

የአልጋው ብርድ ልብስ ነብር የተሳለበት፣ ሲነኩት የሚንጣጣ ናይለን ነበር። ባለቤቷን ጠራኋት፤ ጭንቅላቷን በሻርፕ የጠቀለለች ወፍራም ሴትዮ ናት።

"ይሄ ከተማ የሱፍ ከተማ አይደለም እንዴ?" አልኳት።

"ነው እንጂ። ሱፉ ይወጣል፣ ናይለኑ ይገባል። አንተ ተጠቅለል ብቻ።"

ወጥታ ሄደች። ጥቂት ቆይታ ከራሷ አልጋ የገፈፈችውን ሌላ ነብር ይዛ ተመለሰች፤ ጤና አዳም ያለበት ሻይም ጨመረችልኝ። ጠዋት ስሸኝ ለሻዩም ለሁለተኛው ነብርም አላስከፈለችኝም።

ረቡዕ

የጋሽ ደምሴ ሚስት እትዬ አስካለ በር ላይ ስታየኝ ሰላምታ እንኳ አላስቀደመችም። "ይህን ስስ ልብስ ለብሶ ደብረ ብርሃን የሚመጣ የማን ደፋር ነው?" ብላ የባሏን ካፖርት ትከሻዬ ላይ ጣለችው። ካፖርቱ ቁርጭምጭሚቴን ሊነካ ምንም አልቀረውም። እስክመለስ ድረስ እንደ ቄስ ሆኜ ሰነበትኩ።

የጾም ቀን ስለሆነ የገብስ ቂንጬ በዘይት አቀረበች። ጋሽ ደምሴ አልበላም። በጓሮው በር በኩል ተቀምጦ ነገሩን ከሥሩ ነገረኝ።

"ዕድሜ ልኬን ሱፍ ሰብስቤአለሁ። ብቻዬን ፋብሪካ ልክፈት ብዬ ስጠይቅ ሼድ የለም ተባልኩ። ማሽን ላስገባ ስል ለውጭ ምንዛሬው ወረፋ ያዝ ተባልኩ፤ ወረፋው እኔን ቀብሮ ልጄን የሚያደርስ ነው። በኋላ ሰውየው መጣ። እሱ ደግሞ ብቻውን ቢገባ ሕጉ ብዙ ካፒታል ይጠይቀዋል፤ ያገር ሰው ከተጣመረው ይቀንስለታል። ከገበሬ እጅ ሱፍ ሰብስቦ መነገድም ያኔ ላገር ልጅ የተተወ ነበር። ስለዚህ ፈለገኝ፤ እኔም ፈለግኩት። እኔ ዓመት ሙሉ ደጅ ጠንቼ ያጣሁት ሼድ ሁለታችን ስንቀርብ ወዲያው ተገኘ።"

"ጋብቻ ነዋ" አልኩት።

"ምን ጋብቻ! የእኩል ነው እንጂ። እኔ መሬቱን፣ እሱ በሬውን።"

የእኩልን ለናንተ ማስረዳት አይጠበቅብኝም። መሬት ያለው መሬቱን፣ በሬ ያለው በሬውን ያመጣል። አውድማ ላይ መጀመሪያ ዘር ላወጣው ሰው ዘሩ ይነሳል፤ የተረፈው ለሁለት ይከፈላል። ክምሩ ተወቅቶ እህሉ እስኪመረት ድረስ ከሁለቱ አንዳቸውም እጃቸውን አያስገቡም፤ ያስገባ ሌባ ነው። ጋሽ ደምሴ ይህን ሥርዓት እንዳለ ተሸክሞ ፋብሪካ ገባ። በየዓመቱ መጨረሻ "ትርፉን ትወስዳለህ ወይስ ይቆይ?" ሲባል "ይቆይ" እያለ ፈረመ። እጁን አለማስገባቱ ጨዋነት መሰለው። ሰውየው ደግሞ በየዓመቱ አዲስ ማሽን ከአገሩ እያስመጣ ዋጋውን በራሱ ድርሻ ላይ ደመረ። የአንዱ ድርሻ ሲያድግ የሌላው ያንሳል። ግማሽ የነበረው የጋሽ ደምሴ ድርሻ ተሸርሽሮ ተሸርሽሮ ቁራሽ ሆነ።

አሁን ደግሞ ሕጉ ተለውጧል። ላገር ልጅ ተከልሎ የነበረው ንግድ ለውጭ ሰው ተከፍቷል። ሰውየው ሱፉን ራሱ ገብቶ መግዛት ይችላል፤ ካፒታሉም ብቻውን ለመቆም ይበቃዋል። ስለዚህ ጋሽ ደምሴን "የቀረችህን ድርሻ ሽጥልኝና እንሰነባበት" አለው።

ያገር ልጅን ለመጠበቅ የወጣ ሕግ ነበር ይላሉ። አጎቴን ግን የጠበቀው በር ጠባቂ አድርጎ ነው። በሩ ሲከፈት ዘበኛው ተሰናበተ። በሩ ተዘግቶ በነበረበት ዘመንም ቢሆን በራሱ ጉልበት ያደገ ያገር ሰው ፋብሪካ ዞሬ አላየሁም። የተዘጋውም የተከፈተውም ለኛ አልነበረም።

ከሰዓት በኋላ ዘይነባ የምትባል ወጣት መጣች። ፋብሪካው ውስጥ ሱፍ አጣቢ ናት። ቤተሰቧ ከወለጋ ተፈናቅለው የመጡ ገበሬዎች ናቸው፤ እዚያው ከተማ መጠለያ ውስጥ ይኖራሉ። የአርቡን ቀጠሮ ልታረጋግጥ ተልካ ነው። እጆቿ እስከ ክርኗ ቀልተው ተሰነጣጥቀዋል። እትዬ አስካለ ቅባት አውጥታ እየቀባቻት ስለኔ ነገረቻት፤ ግጥም እንደምጽፍ፣ ትምህርቱን ግን በራሴ ፈቃድ እንዳቋረጥኩ፣ ከሁሉም ለጥቆ ሚስት እንደሌለኝ።

"በል እንግዲህ ገጣሚው፣ ለጋሼ አንድ በላቸው" አለች ዘይነባ።

በአፌ የመጣውን አልኩ፦

በሬው የሰው አገር፣ መሬቱ የኛ ነው፤
አውድማው ላይ ሲደርስ፣ ገለባው የማነው?

ጋሽ ደምሴ ፊቱን አዞረ። ዘይነባ ግን ጭንቅላቷን ነቀነቀች። "ያምራል ወላሂ። ይጋገራል?"

"አይጋገርም።"

"እንግዲያው ተወው። ጋሼ፣ አይቀየሙኝና፣ እናንተ በባለቤትነት ተጣሉ፤ እኔ ሱፉን ልጠብ። የማጥቢያው ውኃ በፈረንጅም ጊዜ በሐበሻም ጊዜ ያው በረዶ ነው። እኛም አገራችን ላይ መሬታችንን ትተን ነው የወጣነው። ዘንድሮ ማን አርሶት ከማን ጋር እንደሚካፈል አላህ ይወቀው።"

 

ሐሙስ

ወደ አንኮበር የምትሄደው መኪና ከሰውና ከጭነት በላይ ጉም ጭና ነው የተጓዘችው። ሜዳው ገብስና ባቄላ ነው፤ የድንጋይ ካቦችና የድንጋይ ቤቶች ብቅ እያሉ ይጠፋሉ። እኛ አገር አንድ ሰው ሲመጣ ከሩቅ ታያላችሁ፤ ለሰላምታ ትዘጋጃላችሁ። እዚያ ሰው ከጉም ውስጥ ድንገት አፍንጫችሁ ላይ ይወጣል። አፋፉ ጋ ስንደርስ ሾፌሩ "ባለ ካፖርቱ፣ ቁልቁል እንዳታይ" አለኝ። ብመለከትስ ምን አይ ነበር? ከነጭ በቀር ምንም የለም።

ጎረቤላ ወርጄ ወደ አያ ሸዋንግዛው ቤት በሚወስደው የጭቃ መንገድ ላይ የቀኝ ጫማዬ ሶል ተገንጥሎ ቀረ። ጭቃው ውስጥ እጄን ከትቼ ፈለግኩት። በአንድ እጄ ካፖርቱን ሰብስቤ፣ በሌላው ሶሌን ይዤ፣ በአንድ እግሬ እየዘለልኩ ነው የሽማግሌው ደጃፍ የደረስኩት።

"ቤቶች!"

"ደጅ! ማነህ አንተ ባለ አንድ እግሩ?" አሉ ከውስጥ። ረጅም፣ አጥንታም ሽማግሌ ናቸው። ማን እንደሆንኩ ስነግራቸው ጉዳዬን ሳይጠይቁ ጫማዬን ተቀበሉኝ። ወስፌና ጠፍር አምጥተው እሳት ዳር ተቀመጡ፤ እየሰፉ አዳመጡኝ። ባለቤታቸው የባቄላ ቆሎ፣ የገብስ ዳቦና ጠላ አቀረቡልኝ።

"የተዋዋሉ ቀን እኔ ነበርኩ" አሉ አያ ሸዋንግዛው። "ደምሴ አምጥቶኝ፣ ሰውየውም ጎንበስ ብሎ እጅ ነስቶኝ ሁለቱን መርቄአለሁ። 'እንደ አውድማ ያርጋችሁ፣ በግልጥ ተካፈሉ' ብያለሁ። አስተርጓሚው ምን ብሎ እንደነገረው ግን አላውቅም።"

"ይመጣሉ ታዲያ አባቴ?"

"የመረቀ ሰው አልመጣም አይልም። ግን ልጅ፣ አንድ ነገር አለ። አውድማ ላይ ሽማግሌ የሚያስታርቀው እህሉን እያየ ነው። እዚያ ምኑን አይቼ ነው የማስታርቀው?"

እዚያው አሳደሩኝ። ባለቤታቸው በእጃቸው የፈተሉትን፣ ከሱፍ የተሠራ ጥቁር ባና አለበሱኝ። የበግ ሽታ አለው፤ ይከብዳል፣ አንገት ያሳክካል፤ ከአረርቲ ከወጣሁ ወዲህ ግን እንዲያ ሞቆኝ ተኝቼ አላውቅም።

አርብ

ከአያ ሸዋንግዛውና ከጋሽ ደምሴ ጋር የገባንበት የፋብሪካው ጽሕፈት ቤት ንጹሕና ሙቅ ነው። ሰውየው በር ድረስ ወጥቶ ተቀበለን። ሠራተኞቹ "ሚስተሩ" ነው የሚሉት። ቅር እንዳይላችሁና፣ ክፉ ሰው አይመስልም። ለአያ ሸዋንግዛው ራሱ ወንበር ስቦ አቀረበላቸው፤ ሻይ አስመጣ፤ የኔን ካፖርት አይቶ ፈገግ አለ። ከጎኑ የተቀመጠችው አስተርጓሚ የከተማው ልጅ ናት፤ ሽማግሌውን "አባባ" ትላቸዋለች።

ጋሽ ደምሴ መጀመሪያ ተናገረ። ስለ መጀመሪያው ዓመት፣ መብራት በጠፋ ቁጥር አብረው ስላመሹት፣ ገበሬው ለባዕድ አልሸጥም ሲል እሱ ዞሮ ስለለመነው አወራ። "ግማሼን ነው የምፈልገው" ብሎ ጨረሰ።

ሚስተሩ በትዕግሥት ሰማ። ከዚያ በአስተርጓሚዋ በኩል "ውለታውን አልረሳም። ነገር ግን እንድንጣመር ያደረገን ሕግ ነው፤ አሁን ያ ሕግ ተለውጧል። ሕጉን ያወጣሁትም የለወጥኩትም እኔ አይደለሁም" አለ።

አያ ሸዋንግዛው ሻዩን ሳይነኩ ከዘራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙ። "ዘር ይቀደማል፤ እሱን አልክድም። በሬህን አምጥተሃል፣ ዘርህንም ዘርተሃል፤ ቀድመህ ታነሳለህ። እኔ የምጠይቅህ አንድ ነው። ዘሩን ማን ሰፈረው?"

አስተርጓሚዋ ወደ ሽማግሌው ዞረች። "አባባ፣ ምን ብዬ ልንገረው?"

"ማሽኑ ይህን ያህል ያወጣል ያለው ማነው በይው። ሲሰፈር ደምሴ ቆሞ ነበር ወይ በይው።"

ነገረችው። እሱም ሳይቆጣ መለሰ፤ ዋጋውን የተመነው የአገሩ ባለሙያ ነው፤ ማሽኑን የሸጠለትም የወንድሙ ድርጅት ነው፤ በዚህ ምንም ሕግ አልተጣሰም፤ አቶ ደምሴም በየዓመቱ አውቆ ፈርሟል።

ሽማግሌው ወደ አጎቴ ዞሩ። "ፈርመሃል?"

"ፈርሜአለሁ።"

"ማሽኑ ሲሰፈር የት ነበርክ?"

"ገበያ ነበርኩ። ሱፍ ስገዛ።"

"ለምን አልጠየቅህም?"

ጋሽ ደምሴ ጣሪያውን አየ፣ መሬቱን አየ። "ሳይመረት አውድማ ውስጥ እጅ ማስገባት ነውር መሰለኝ፣ አያ። ደግሞ ባለፋብሪካ መባሉ ደስ ብሎኝ ነበር። ከጠየቅኩ የሚቀርብኝ መሰለኝ።"

 ከዚያ ሚስተሩ ሁለት ነገር አቀረበ። የቀረችውን ድርሻ ይገዛዋል። ከፈለገም በደመወዝ የሱፍ ገዢ አድርጎ ይቀጥረዋል፤ ገበሬው እሱን ያምናልና።

"ላስብበት" አለ ጋሽ ደምሴ። ነገር ግን ወዲያው በሩ ጋ ሳይደርስ ተመለሰ። ምናልባት ቤት ገብቶ ለእትዬ አስካለ ባዶ እጁን መቅረቱን መንገር ፈርቶ ይሆናል፤ ምናልባትም ከገበያው መለየቱን አልቻለው ይሆናል። "እቀጠራለሁ" አለ። ድርሻውን ሸጠ፣ ሁለቱንም ፈረመ። አስተርጓሚዋ ከቁምሳጥን የአንገት መታወቂያ አውጥታ ሰጠችው።

ቤት ስንደርስ እትዬ አስካለ የጾም በያይነቱ አቅርባ ጠበቀችን። አያ ሸዋንግዛው ግን አልተቀመጡም።

"እባክዎን አያ፣ ትንሽ ይቅመሱ!"

"አይሆንም አስካለ፣ ቤትሽ ይባረክ። ታርቆ ይበላል፤ ተበልጦ አይበላም። ዛሬ ያስታረቅኩት ሰው የለም።"

ወደ መናኸሪያ ስሸኛቸው ስለ ሚስተሩ አንድ ክፉ ቃል አልተናገሩም። መኪናው ሊነሳ ሲል ብቻ "በሬ ያለው ሰው በሬውን ይዞ ይሄዳል፤ ያደገበት ነው። መሬት ነኝ ያለው ሰው ነው የገረመኝ። መሬት እኮ ይጠበቃል" አሉና መስኮቱን ዘጉ።

ቅዳሜ

ወደ አረርቲ ልመለስ ስነሳ ጋሽ ደምሴ "መዘዞ ገበያ አብረኸኝ ውጣ፤ እሁድ ትሄዳለህ" አለኝ። ብቻውን መሄድ የፈራ መሰለኝ። የፋብሪካው መኪና ወሰደን። መታወቂያውን ከሹራቡ ሥር ከቶታል።

መዘዞ ከደብረ ብርሃንም ይከፋል፤ ነፋሱ አጥንት ይቆጥራል። ገበያው ግን ሞልቷል፤ በግ፣ ገብስ፣ የተሸለተ ሱፍ በየጆንያው። ሁሉም አጎቴን ያውቀዋል። "ባለፋብሪካው መጣ!" ይላሉ፤ እጁን ይጨብጣሉ፤ ስለ ልጆቹ ይጠይቃሉ። ከአንገት በላይ ሳቀላቸው። ከጎኑ የቆመው ሌላው የፋብሪካው ሠራተኛ፣ ሚዛን ያዡ፣ የማያውቅ መስሎ ወደ በጎቹ አየ።

ገበያው ዳር ላይ አንዲት በዕድሜ የገፉ ሴት ነጭ ሱፍ በጆንያ ይዘው ተቀምጠዋል። እሱን ሲያዩ ሊነሱ ሞከሩ፤ እጃቸውን ይዞ አስቀመጣቸው። ሱፉ የታጠበና የተለቀመ ነው፤ እሾህና ጭቃ የለበትም። ዋጋ ጠየቃቸው። ነገሩት። እሱ ገና አፉን ሳይከፍት ራሳቸው ቀነሱለት።

"ምነው እማማ፣ ሳልከራከርዎት?"

"ላንተ ነዋ ልጄ! ቅድም አንድ ነጋዴ ከዚህ የተሻለ ሰጥቶኝ እምቢ አልኩት። ለፈረንጅ ነው የሚያስረክበው አሉኝ። ያንተ ግን እዚሁ ይቀራል፤ ያገር ልጅ ያተረፈው እኔ ያተረፍኩት ነው ብዬ ነው።"

ጋሽ ደምሴ አየኝ። እኔም አየሁት። አንድ ቃል ቢተነፍስ ኖሮ፣ ወይም እኔ ብተነፍስ፣ ሴትዮዋ የተሻለ ወደሰጣቸው ነጋዴ በሄዱ ነበር። ነፋሱ የሹራቡን አንገትጌ ገለበጠውና የመታወቂያው ማንጠልጠያ ብቅ አለ። በእጁ ሸፈነው።

"እግዜር ይስጥልኝ እማማ" አለ።

ሚዛኑ ላይ ለማውጣት ሚዛን ያዡም አጎቴም አልተንቀሳቀሱም። ጎንበስ ብዬ ጆንያውን ያነሳሁት እኔ ነኝ።